ያልተቀባው ጥርስ

ጀልባዋ አሸዋው ላይ ተቀርቅራ ስትቆም ኢሽቤል ወደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የድንች ጥብስ እየበላች ነበር። ጥብሱን ትታ ብድግ አለች።

«አያትሽ ናቸው እንዴ?» አለ የክፍል ጓደኛዋ ስትሩዋን።

እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነውም ይገቡበታል በሚባለው ወደብ፣ ሽማግሌው ዋቲ ከነሸርጣናቸው አሸዋ ላይ ተጎልተዋል። ወደቡ ላይ የነበረው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ «ዋቲ፣ ሻይ ይምጣልዎ?» እያለ ይጣራ ጀመር።

ኢሽቤል ግን ሳቅ ከየት ይምጣላት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለቻ።

በዚያ ዳርቻ ስም የሌለው ድንጋይ የለም። ወደ ወደቡ የሚገባ ጀልባ «የሽማግሌው ጥርስ» የሚባለውን ድንጋይ ባሕሩ ዳር ካለው የፈረሰ ግንብ መስኮት ጋር በአንድ መስመር እያየ ነው የሚመጣው። ጥርሱ ከሩቅ እንዲታይ በየፀደዩ ነጭ ይቀባል፤ ዘንድሮ ተራው የኢሽቤል ነበር። ቅዳሜ ባልዲዋን ይዛ ብትወርድ የባሕር ወፎች ጥርሱ ላይ ጎጆ ሠርተው ጠበቋት። አንዷ ፀጉሯን ጎተተች፤ ሌላዋ ትከሻዋ ላይ ያው እንትኗን ጣለችባት። ኢሽቤል እግሬ አውጪኝ አለች። ቀለሙን ምን ታድርገው? አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ጥግብ አድርጋ ቀባችና «ጨርሻለሁ» ብላ ቤቷ ገባች።

«ዝም በይ» አለ ስትሩዋን ሁሉን ስትነግረው። «ዝናብ ያጥበዋል።»

«የጀልባ ቀለም እኮ ነው፣ አንተ ጅል።»

ከሰዓት በኋላ ውኃው ሞልቶ ጀልባዋን አነሣትና አያቷ ቤት ገቡ። ወጥ ቤት ተቀምጠው አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ያነቡ ጀመር። ከዚያ ሌላውን ሸፈኑ።

«ዓይኔ ከድቶኛል፣ ልጄ» አሉና የጀልባዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ነገ እሸጣታለሁ።»

ኢሽቤል ቁልፉን ትክ ብላ አየች። ያለ ጀልባ ምን ሊሆኑ ነው? መስኮት ሥር ተቀምጠው መኪና ሊቆጥሩ?

«ዓይንዎ ደህና ነው፣ አባባ። ጥርሱን አልቀባሁትም። ሌላ ድንጋይ ነው የቀባሁት።»

«የቱን?»

እዚህ ላይ ተያዘች። የዚያ ድንጋይ ስም የእንስሳ ስም ነው፤ እንስሳዋም ለዓሣ አጥማጅ ገደ ቢስ ስለሆነች ስሟ ፊቱ አይጠራም።

«ያቺኛዋን» አለች ቀስ ብላ።

«ያቺኛዋ የሚባሉ ሦስት አሉ። የቷን?»

ኢሽቤል ዓይኗን ጨፈነች። «አሳማዋን።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ዘለው የብረት ምድጃውን ያዙ። በዚህ ሰፈር ያ ቃል ሲነሣ ወዲያው ብረት ያልነካ ወዮለት። ምድጃው ደግሞ የጋለ ነበር።

የተቃጠለ እጃቸውን አራገቡ። «በእሷ ተመርቼ ነው ወደብ የገባሁት?» አሉ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ዋቲ ዓይኑ ጠፋ ይበሉኝ፣ ይሻለኛል።»

ቁልፉን ግን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ።

ውጭ ገና ብርሃን ነበር። ኢሽቤል ትልቁን ድስት ከመደርደሪያው አወረደች፤ ራሷ ላይ ደፍታ ልኩን ሞከረች።

«ምን ልታበስዪ ነው?»

«ጥርሱን ልቀባ ነው።»

አያቷ ድስቱን አዩ። «ጎጆውን እንዳትነኪ፤ ወደ ባሕሩ የዞረውን ፊቱን ብቻ ቀቢ። ያቺንም አጥቁሪያት።»

ኢሽቤል ድስቱን ራሷ ላይ እንደደፋች፣ በአንድ እጇ ነጩን፣ በሌላው ጥቁሩን ባልዲ አንሥታ ወደ ወፎቹ ወረደች።