ከአንድ እስከ አምስት

«ማን ነው?» አለ አባቷ፤ ድምፁ ግን በሩ ጋ እንኳ አልደረሰም።

ሜትር ከጀርባው ያለውን ትራስ እያስተካከለችለት ነበር። አባቷ ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከወር ወዲህ የሚያንቀላፋው ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ነው። ቅዳሜ ቢሆንም እናቷ ገና በማለዳ ወደምትሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሄዳለች። በሩ እንደገና ተንኳኳ።

«ክፈቺ እንጂ! ሰው ደጅ ይቆማል እንዴ?» አለና ሁለት እጁን ፍራሹ ላይ ተክሎ ተነሳ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ ፀጉሩን በመዳፉ ዳበሰ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሩ ሲከፈት ፈገግ ብሎ ነበር። ሜትር ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች። ለአለቃው፣ ለጎረቤት፣ ገጠር ላለው ወንድሙ በስልክ ሳይቀር የሚያወጣው ነው።

«ሜትር» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ በአስራ አምስት ዓመቷ ከአስተማሪዎቿ ትረዝማለች። ስሙ ቤት ድረስ ተከትሏት መጣና አባቷም በዚያው ቀጠለ።

ደጃፉ ላይ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ቆማለች። አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላ፣ በእጇ ታብሌት ይዛለች። ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ስለወጣች ላብ በላብ ሆናለች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስለ ከተማ ኑሮና ስለ ጤና ጥናት እያካሄድን ነበር። ከሃያ ደቂቃ አልበልጥብዎትም።»

«ግቢ፣ ግቢ! ሃያ ደቂቃ ምን አላት!»

ጠያቂዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጀመረች። «በዚህ ከተማ በመኖርዎ ምን ያህል ደስተኛ ነዎት? አንድ ማለት ምንም አልደሰትም፣ አምስት ማለት በጣም እደሰታለሁ።»

«ስድስት የለውም?»

ጠያቂዋ ሳቀች። ሜትር አልሳቀችም።

«በአካባቢዎ አየር ንጽሕናስ?»

«አምስት።»

መስኮቱ ዳር ዳሩን በፕላስተር ታሽጓል። ከታች የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ ሾፌሮቹ ከነጋ እስኪመሽ ሞተር አያጠፉም። ሜትር ጠዋት የወለወለችው የመስኮት ደፍ ቁርስ ሳይነሳ ይጠቁራል። ጠያቂዋ ፕላስተሩን አየችው። አየችውና አምስት ብላ ሞላች።

«ባለፈው አንድ ወር ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ነበረብዎት?»

«እኔ? እኔ እኮ አስር ፎቅ ወጥቼ ጣሪያ የምቀባ ሰው ነኝ እህቴ!»

ቀለም ቀቢ መሆኑስ እውነት ነው። ከቀለሙ በፊት ግድግዳው የሚለሰንበትን ስቱኮ ሲፍቅ አስራ ሦስት ዓመት ዱቄቱን ውጦታል። እሁድ እሁድ ሜትርን ይዞ ሲወጣ «ያቺ ቢጫዋ የኔ ናት፣ ያ ሆስፒታል ኮሪደሩ በሙሉ የኔ ነው» እያለ ከተማዋን እንደ ርስቱ ያስጎበኛት ነበር። አሁን ግን እሁድ ከቤት መውጣት ካቆመ ቆይቷል።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው እጇን ጨብጦ አስማላት። «አቧራ ነው፣ ይለቀኛል። ታመመ ከተባለ አለቃዬ በነጋታው ሌላ ሰው ነው የሚያስገባው። ከዚያ ጓዛችንን ጠቅልለን አጎትሽ ደጅ ልንወድቅ ነው። አንቺስ? ትምህርትሽስ? እዚህ እንዳገኘሽኝ ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ለእናትሽም ቢሆን።» ሜትር ማለች። ያሳፈራት ቶሎ መማሏ ነበር። ይህን ከተማ ትወደዋለች፤ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ጓደኞቿን፣ ዝናብ ሲዘንብ አስፋልቱ ላይ የሚተኛውን መብራት። መሄድ አትፈልግም።

«የቤተሰቡን ጨርሰናል» አለች ጠያቂዋ። «አሁን ደግሞ አስራ አምስት ዓመት ከሞላቸው የቤቱ ሰዎች አንዱን ታብሌቱ ራሱ ይመርጣል።» ስክሪኑን ነካችው። «ልጅዎ ደርሷታል። ከፈቀዱ ለብቻዋ ነው የምጠይቃት።»

የአባቷ ፈገግታ ባለበት ደረቀ። «ልጄ ጎበዝ ናት» አለ፣ ዓይኑን ከሜትር ሳይነቅል። «የሚመለሰውን ታውቃለች።»

በሩን ገርበብ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጠያቂዋ አንድ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን አሸት አሸት አደረገች።

«ስምሽ አይጻፍም፣ እሺ? በዚህ ከተማ በመኖርሽ ምን ያህል ደስተኛ ነሽ?»

«አራት።» ሳታስብ ነው ያለችው። እውነቷን መሆኑ ለራሷም ገረማት።

«ጤንነትሽስ?»

«አምስት።»

«ቤታችሁ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው አለ?»

ከበሩ ወዲያ ትራስ ውስጥ የታፈነ ሳል ተሰማ። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ፣ ከዚያ መቆሚያ ያጣ። የጠያቂዋ ጣት ስክሪኑ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«አልሰማሽም?» አለች ሜትር፤ ለምን እንደተቆጣቻት አላወቀችም።

«ሰምቻለሁ። የምጽፈው ግን የሰማሁትን አይደለም፤ አንቺ ያልሽውን ነው።»

ሜትር ጉልበቷን አቀፈች። የለም ማለት አንዲት ቃል ናት፤ ብትላት ልጅቷ ወርዳ ትሄዳለች፣ ሁሉም እንዳለ ይቀጥላል። ያስፈራት ግን እንዳለ መቀጠሉ ነው።

«አለ» አለች። አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። «አምስት ወሩ ነው። ጋደም ብሎ አይተኛም። ደረጃ ሲወጣ ሦስቴ ይቀመጣል። ያ ሁሉ አምስት አምስት ሲልሽ የነበረው ውሸቱን ነው።»

ጠያቂዋ ጻፈች።

«አሁን ምን ይሆናል? ሐኪም ይመጣል?»

«አይመጣም የኔ እህት። ቁጥር ነው የሚሆነው። ከብዙ ሺህ ቤት ጋር ይደመርና ምናልባት ከዓመት በኋላ ሪፖርት ይወጣል።»

«ከዓመት በኋላ?»

«ልዋሽሽ እንዴ?» ጠያቂዋ ጫማዋን አጠለቀች። ተነስታ ሁለት ደረጃ ከወረደች በኋላ ዞር አለች። «ጤና ጣቢያው ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል። አሁን አራት ሰዓት ነው። ይሄ ጥያቄው ውስጥ የለም፤ ከራሴ ነው።»

ሜትር የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች። መሐላዋን አፍርሳ ያገኘችው አንድ ቁጥር ነው። እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው፣ ገባች።

አባቷ ፍራሹ ላይ ትራሱን አቅፎ ተቀምጧል። «ምን አልሻት?»

«እውነቱን።»

«ምለሽልኝ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«እዚያ አጎትሽ ጋ ቤተ መጻሕፍት የለም። ምንም የለም። ከተማውን ትወጂው የለም እንዴ?»

«እወደዋለሁ አባዬ። አራት ነው ያልኳት።»

«አራት?» ከልቡ ቅር ተሰኘ። «ምን ጎደለሽና ነው አንዷን የቀነስሽባት?»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳል ሆነ፤ ሳሉ ደግሞ ትንፋሹን ይዞት ሄደ። የእጇን አንጓ ጭምድድ አድርጎ ያዛት። ዓይኑ ፈጦ አየር ሲፈልግ አየችው፤ ያ ፈገግታ የትም አልነበረም። ትንፋሹ ሲመለስለት ሜትር ጃኬቱን አመጣች። እሱም ክንዱን ሰጣት።

ሦስቱን ፎቅ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው።

ጤና ጣቢያው ሰው በሰው ነበር። ካርድ የምታወጣው ነርስ ቀና ሳትል ጠየቀች፦ «ምንዎን ነው?»

«ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ነርሷ መጻፍ ጀመረች።

«አምስት ወሩ ነው» አለች ሜትር። «የሚያድረው ቁጭ ብሎ ነው።»

ነርሷ ቀና ብላ አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። «የማንን ልጻፍ?»

አባቷ ወለሉን አየ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ።

«የሷን» አለ።

ነርሷ የመጀመሪያውን ሰረዘች። «ይቀመጡ፣ ይጠራሉ።»

ባዶ ወንበር አንድ ብቻ ነበር። ሜትር አባቷን አስቀምጣ አጠገቡ ቆመች። ከፊታቸው ሃያ ምናምን ሰው አለ። አንድ ሕፃን ያለማቋረጥ ያለቅሳል።

«ሲጠሩኝ እዚህ ጠብቂኝ» አላት አባቷ ቀስ ብሎ። «ሐኪም ፊት ልጅ አይገባም።»

«አብሬህ ነው የምገባው» አለች ሜትር።