መልስ ያላገኘ ቃል

ንጉሡ በነገሠ በአሥራ አንደኛው ዓመት፤ ጠመንጃ ገና በአፉ ባሩድ በሚጎርስበት ዘመን፤ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፤ አንድ ሽማግሌ ካባውን በትከሻው ጥሎ በገደሉ አፋፍ ላይ ወደ ተሠራው ገዳም ሽቅብ ይወጣ ነበር። ከገዳሙ ቅጥር በታች የንጉሡ ጦር ድንኳን ተክሎ መውጫ መግቢያውን ይዞ ተቀምጧል። ወታደሮቹ ሽማግሌውን ሲያዩት ብድግ ብለው እጅ ነሡት። እንዴት አይነሡ! ይህ ሰው አገር ሁሉ መረዋ እያለ የሚጠራው የንጉሡ ዋና አዋጅ ነጋሪ ነበር፤ ገበያ መሐል ቆሞ አንዴ ሲናገር ከወንዝ ማዶ የሚያርስ ገበሬ በሬውን አቁሞ ያዳምጠዋል።

ምን ያደርጋል፤ ሰው የፈጀው ያው ድምፅ ነው። ባለፈው ዓመት የወንዝ ማዶው ገዢ በሸፈተ ጊዜ፤ መሣሪያውን ጥሎ የገባ ሁሉ ምሕረት አግኝቷል፤ ወደ ቤቱ ይመለስ የሚለውን የንጉሡን ቃል በየገበያው ያሰማው መረዋ ነበር፤ እሱ ራሱም ከልቡ አምኖበት ነበር። ድምፁን ሰምተው የገቡትን ግን የጦር አዛዡ ወንዝ ዳር አሰልፎ ጨረሳቸው። ከሟቾቹ መሐል የመረዋ የገዛ እህቱ ባል ነበረበት። የእህቱ አንድያ ልጅ፤ ሥራውን ያዩ ሁሉ እጀ ወርቅ የሚሉት ወጣት አናጢ፤ አባቱን አትግባ ብሎ ለምኖ እንቢ ቢለው ጫካ ቀረ፤ በዚያም ተረፈ። በኋላ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሸሽቶ እዚህ ገዳም ገባ። ገዳም የገባን ሰው ንጉሥም ቢሆን ጎትቶ አያወጣም፤ በገዛ እግሩ እስኪወጣ ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቅ ግን ማን ይከለክለዋል?

ታላቅ እህቱ ከሐዘን ሳትነሣ አስጠራችው። አልሰደበችውም፤ አላለቀሰችበትም፤ ያ ነው የበለጠ አንጀቱን የቆረጠው።

«ባሌን አንተ ጠርተህ ሰጠሃቸው» አለችው፤ «ልጄን አምጣልኝ አልልህም። ከዚያ ቅጥር እንዳይወጣ ብቻ ጠብቅልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግብህም።»

«እሺ እትዬ» ብሎ ወጣ። ሌላ ምን ይላል?

ጊዜው የአርምሞ ወራት ነበር። በነዚያ ወራት ወደ ገዳሙ መግባት የሚቻለው ዝምታውን ተቀብሎ በእንግድነት ለመቀመጥ ብቻ ነው፤ አስቀድመው የገቡት ሸሽተኞችም በዚሁ ሕግ ሥር ነበሩ። እንግዳ ተቀባዩ አባት፤ ቀጭን፤ ዓይናቸው ሳቅ ሳቅ የሚል አዛውንት፤ በሩ ላይ አስቁመው ሕጉን ነገሩት።

«ከዚህ ወዲያ ቃል የለም» አሉት፤ «የተናገረ ይወጣል፤ የመለሰለትም አብሮት ይወጣል። ራስ መነቅነቅ መልስ ነው፤ በዓይን መጥቀስም መልስ ነው። ግን ሰው ነንና ቃል ያመልጠናል፤ መልስ ያላገኘ ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠራል። እንግዲህ ለተናገረው ሰው ካዘኑለት፤ ዝም ይበሉለት።»

መረዋ ሕጉን ቶሎ ለመደው። የእንግዶቹ ቤት አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ በግድግዳው ሥር የእንጨት መደብ ተደርድሯል፤ መሬቱ በድንጋይ ተነጥፏል። አንድ ቀን ሆዱ የተዘረጋ የእህል ነጋዴ በባዶ እግሩ ሲያልፍ የመደቡን ጫፍ በትንሿ ጣቱ መታና፤ መደቡን የሠራውን ሰው እስከ ሰባት ትውልድ የሚያዋርድ ስድብ ለቀቀ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እንግዳ ተቀባዩ ከበር ብቅ ብለው የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ መልስ የሰጠ የለም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ተመለሱ። ነጋዴው ከዚያ በኋላ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ውሃ ሲቀዳ ሰነበተ።

የእህቱ ልጅ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱን አልሰጠውም። መረዋ ሲቀመጥ እሱ ይነሣል፤ መረዋ ሲገባ እሱ ይወጣል። አይፈረድበትም፤ ያንን ድምፅ ሰምቶ የሄደው አባቱ ነው። ሽማግሌው ይከተለዋል፤ አናጢው የተሰበረ መደብ ሲጠግን እንጨቱን ይይዝለታል፤ በቅጥሩ ውስጥ ካለው ምንጭ ውሃ ሲቀዳ የመሸከሚያውን ዘንግ አንድ ጫፍ ያነሣለታል። ልጁ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። አንድ ጧት ታዲያ ዳገቱን ሲወጡ፤ አናጢው እጁን ወደ ኋላ ሰደድ አድርጎ ከዘንጉ የተንጠለጠለውን የባልዲውን ገመድ ወደ ራሱ ትከሻ ሳበው፤ ሸክሙም ከሽማግሌው ላይ ቀለለ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሁልጊዜ እንዲሁ ያደርግ ነበር። መረዋ የዚያን ቀን ከሰው ተለይቶ አለቀሰ፤ አርምሞው አልቆ ይቅር በለኝ የሚልበትን ቀን መናፈቅ ጀመረ። ናፍቆቱ ምን ዋጋ ነበረው፤ ያ ቀን አልመጣም።

ከዕለታት በአንዱ ከቀትር በፊት ነጋሪት ተጎሰመ። ከበሩ ውጭ የቆመው አዲሱ አዋጅ ነጋሪ መረዋ በገዛ እጁ ያሠለጠነው ደቀ መዝሙሩ ነበር። በሩ ወለል ተደርጎ ተከፍቷል፤ ሸሽተኞቹም እንግዶቹም በግቢው ተሰብስበው ያዳምጣሉ። ንጉሡ አዝኗል አለ ነጋሪው፤ ያለፈው ደም በቃ ብሏል፤ የወጣ ሁሉ ዛሬውኑ ወደ እናቱ ይሄዳል። አዛዡ መላ አላጣም፤ አስቀድሞ ከተያዙት የአናጢው ጓደኞች ሁለቱን አዲስ ልብስ አልብሶ በነጋሪው ግራና ቀኝ አቁሟቸው ነበር። ሁለቱም እጃቸውን ያውለበልባሉ።

መረዋ ልብሱን አላየም፤ ሰዎቹንም አላየም። የሚሰማው ድምፁን ነበር። ይህ ደቀ መዝሙር ያላመነበትን ነገር ሲናገር የድምፁ መጨረሻ ይቀጥናል፤ ስንት ጊዜ ቆጥቶታል፤ ስንት ጊዜ አርሞታል። አሁንም «ወደ እናቱ ይሄዳል» ሲል ድምፁ ጫፉ ላይ ክር አክሎ ተበጠሰ። ሽማግሌው ነገሩ ሁሉ ውሸት መሆኑን በዚያች ቅጽበት አወቀ።

አናጢው ከጎኑ ቆሟል። የእናቱን ቤት ክዳን ሳያለብስ ነበር ከአባቱ ጋር የዘመተው፤ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈችው አያውቅም፤ ማን ነግሮት? ሁለቱን ጓደኞቹን አየ፤ ወደ አጎቱም ዞረ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ።

«ጋሼ፤ እውነታቸውን ነው?»

ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ቢሆንም ተሰምቷል። እንግዳ ተቀባዩ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። የመረዋ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ወዲያው ግን ሕጉ ትዝ አለው፤ ከመለሰለት ሁለቱም ዛሬውኑ ከዚህ በር ይባረራሉ፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ አዛዡ አለ። ዝም ካለ ቃሉ እንዳልተነገረ ይቆጠራል፤ ልጁም በቅጥሩ ውስጥ ይቆያል፤ ለእህቱ የገባው ቃል ይኸው ነው። ዓይኑ እንኳ እንዳያሳብቅበት ብሎ መሬት መሬቱን እያየ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ልጁ ጠበቀው፤ ፊቱን እያየ ጠበቀው። የንጉሡን ቤት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው፤ አባቴን ያስበላ ሰው፤ ይህ ውሸት ቢሆን ኖሮ ዛሬስ አንድ ቃል ይነፍገኛል? ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ሽማግሌው የእንግዳ ተቀባዩ ኮቴ ወደ እነሱ ሳይመጣ ሲቀር በልቡ ተመስገን አለ፤ ልጁን ያተረፈው መስሎት። ቀና ሲል አጠገቡ ሰው የለም። አናጢው ከቀሩት ጓደኞቹ ጋር በሩን አልፎ ቁልቁል ይወርድ ነበር።

«አትሂድ! ልጄ፤ ውሸት ነው! ተመለስ!»

በዚያው ቅጽበት ነጋሪቱ ተጎሰመ። አዋጁ እንዳለቀ የሰው ጥያቄ እንዳይሰማ ነጋሪቱን ወዲያው ምታ ብሎ ለደቀ መዝሙሩ ያስተማረው መረዋ ራሱ ነው። ወራት ሙሉ የተዘጋው ጉሮሮም ሻካራ ጩኸት ብቻ ነበር ያወጣው፤ ያ ወንዝ ይሻገር የነበረ ድምፅ በሩን እንኳ በቅጡ አልተሻገረም። ተንደርድሮ ሊወጣ ሲል የበሩ ደፍ አደናቀፈውና ወደቀ። የተኩሱን ድምፅ የሰማው እዚያው ተደፍቶ ሳለ ነው፤ ከኮረብታው ጀርባ፤ ተከታትሎ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

እንግዳ ተቀባዩ መጥተው ክንዱን ይዘው አነሡት። መረዋ በሕጉ መሠረት ይባረር ዘንድ ካባውን ሊያነሣ ሲል አዛውንቱ ያዙት።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉት። «ቀደም ብለው ቢመልሱለትም ኖሮ አልሰማሁም ነበር። ይህችን ታህል እንኳ አላመኑኝም?»



ወሬው ደርሶ እህቱ በእግሯ ተጉዛ መጣች። ሴት ከደፉ አታልፍም፤ እሱ ወጥቶ ፊቷ ቆመ። አልጮኸችም። «በገዛ እግሩ ነው የወጣ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። አዎ አላት። «አንተስ የት ነበርክ?» አለችው። አጠገቡ ነበርኩ አላት። ነጠላዋን አጣፍታ፤ የመጣችበትን መንገድ ይዛ ወረደች። እሱም ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ ቃል ከአፉ አልወጣም።

የንጉሡ ጸሐፌ ትእዛዝ የዚያን ዓመት ነገር ሲጽፍ፤ ንጉሡ በምሕረቱ ሸሽተኞችን ጠራ፤ እነሱ ግን ከዳተኞች ነበሩና እንደ ሥራቸው አገኙ ብሎ በሁለት መስመር አለፈው። ገዳሙ በበኩሉ መረዋን አልረሳውም፤ ለአዳዲስ መነኮሳት ስለ አርምሞ ሲያስተምሩ፤ የንጉሥን ክብር ንቆ የመጣ፤ ከገባ እስኪሞት አንዲት ቃል ያልተናገረ ታላቅ አባት ነበረን ይላሉ፤ መቃብሩንም እየተሳለሙ ያልፋሉ። ስለ አናጢው የሚያወራ የለም። እናቱም ክዳን በሌለው ቤቷ ከሁለት ክረምት በላይ አልቆየችም፤ ጎረቤቶቿ ቀበሯት፤ ልጇ እንዴት እንደ ሞተ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።