ከመሐላው በፊት

«ድስቱንም አውጡት!» አለ ነጋዴው ቃሲም።

ዘይቱና ድስቱን ሰሌኑ ላይ አስቀመጠች። የቤታቸው ዕቃ ሁሉ መስጊዱ ደጃፍ ተዘርግቷል፤ እንዲህ ሲያዩት እንዴት ያንሳል! ቁርበት፣ ሁለት እንስራ፣ የአባቷ ጋቢ። የቀረው የብር አልቦ በረጅም ቀሚሷ ሥር እሷ እግር ላይ ነው። ጠዋት በጨርቅ ጠቅልሎ ያሰረላት አባቷ ኢድሪስ ነው። ወንድሟን ቡርሀንን ጣሊያን ካሰረው ወራት አልፈዋል። አልቦው ለእስር ቤቱ ዘበኞች አለቃ የሚሰጥ ጉቦ ነው፤ ሌላ ማስፈቻ የላቸውም።

ዕዳው የመጣው ከሐይቁ ነው። ኢድሪስ የቃሲምን አሞሌ ጨው በዱቤ ወስዶ ወደ ጎርጎራ ሲቀዝፍ፣ የጣሊያን የሞተር ጀልባ በአጠገቡ ሽው ብሎ አለፈ። ማዕበሉ የደንገል ታንኳውን ገለበጠው። ጨው ደግሞ ከውኃ ውስጥ አይለቀምም።

«ጨዌ ቢሟሟ ዕዳዬ አይሟሟም! ቁራኛ ይታሰርልኝ!» አለ ቃሲም። ቁራኛ ማለት ባለዕዳው እስኪከፍል ድረስ ከአበዳሪው ሰው ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሮ መዋል ማደር ነው።

ሽማግሌው ቃዲ እጃቸውን አነሱ። «ያለውን ሁሉ ያወጣ ሰው አይታሰርም። ዕቃውን ትወስዳለህ፤ ታንኳውን ግን አትነካም። በምን ሠርቶ ይክፈልህ? የደበቀ እንደሆነ ግን ሰንሰለቱ አይቀርለትም። ኢድሪስ፣ ና ማል።»

ኢድሪስ ቁርኣኑ ፊት ቆመ። ዓሣ ሲሸጥ እንኳ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ፊቱ አመድ መስሏል። ዘይቱና ዝም ብትል ወንድሟ ይፈታል፤ አባቷ ግን በሐሰት ምሎ እንዴት ይኖራል? ነገሩ ቢወጣስ? ቃሲም እንደሆነ ዓይኑን ከቀሚሷ ጫፍ አልነቀለም።

«አባዬ፣ ቆይ!»

ጎንበስ ብላ ጨርቁን ፈታችና አልቦውን ከድስቱ አጠገብ አኖረችው። «እኔ ነኝ የደበቅሁት። አባቴ አያውቅም።»

«አላልሁም?» ብሎ ቃሲም ተነሳ።

ቃዲው አልቦውን አዩ፤ ከዚያም ኢድሪስን ትክ ብለው አዩት። «ልጅ ናት፤ ደግሞም ራሷ አወጣችው» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ማል።»

ኢድሪስ ማለ። «ካሁን ወዲያ ኢድሪስን ማንም እንዳይነካው» ብለው ቃዲው ፈረዱ።

ከመስጊዱ ሲወጡ አባቷ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ቡርሀን ነገ እፈታለሁ ብሎ ይጠብቃል» አላት። «ምን እንለዋለን?»

«እኔ እነግረዋለሁ» አለችና የቤታቸውን መንገድ ትታ ወደ እስር ቤቱ ታጠፈች።