ሦስት ግራ እግር

«እንቢ አለ! ጋሼ፣ አልገባም አለ!»

ከበበው አግዳሚውን እንጨት ይዞ ይታገላል። ረጅሙ ጠረጴዛ ሦስት እግሩን ተክሎ ቆሟል። አራተኛው እግር ግን ቀዳዳ ሊኖረው በሚገባው በኩል ድፍን ነው፤ ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ዞረው በሩን ያዩታል። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ልጆች መላጊያቸውንም መጋዛቸውንም አስቀምጠው ተሰበሰቡ።

ዙሌካ መጨረሻ መጣች። አንድ ጊዜ አየችና ልቧ ስንጥቅ አለ። እግሩ ላይ፣ ከጫፉ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ባቄላ የምታህል ጥቁር የእንጨት ዓይን አለች። ያቺን ዓይን ታውቃታለች። ባለፈው ሐሙስ መሮዋ እንዳይነካት ብላ ስንቴ ተጠንቅቃላታለች! እግሩን የቦረቦረችው እሷ ናት።

«ከበበው!» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ። «ሌላ ማን ይሆናል!»

አራቱን እግሮች የሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱን ዙሌካ፣ ሁለቱን ከበበው። ማን የትኛውን እንደሠራ የሚለየው ምልክት በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ጠፍቷል። ከበበው ራሱም ራሱን ጠረጠረ። ጭንቅላቱን አከክ አደረገና «መቼስ የኔ ነው የሚሆነው፤ ግራና ቀኝ ድሮም ያምታታኛል» አለ።

ዙሌካ አፏን ከፈተች። ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

ዝም ያለችው ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። ምን እንደያዛት ለማወቅ የአዳራሹን ግድግዳ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚያ ክረምት ቀበሌው አዳራሹን ለሁለት ከፍሎት ነበር። በመሃል የአቡጀዲ መጋረጃ ተጋርዶ፣ በወዲህ በኩል ጋሽ ዋቅቶላ እንጨት ሥራ ያስተምራሉ፤ በወዲያ በኩል እትዬ ገበያነሽ በሁለት አሮጌ መኪና ልብስ ስፌት ያስተምራሉ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጆቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። የወጣቶች ተጠሪው ጓድ ሮበሌ «ወንዱም ይሰፋል፣ ሴቷም እንጨት ትሠራለች፤ አብዮታችን እጅ አይመርጥም!» ብሎ ነበር የከፈተው። መፈክሩን ልጆቹ በማግስቱ ረሱት። ሥራውን ግን ወደዱት፤ ከከተማው ዳር፣ ከለቡ ድረስ የክረምቱን ጭቃ በእግሩ እየረገጠ የሚመጣ ልጅ ነበር።

እንዴትስ አይመጣ! ጋሽ ዋቅቶላ መላጊያ ሲይዙ ማየት ብቻውን ያጠግባል። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የግራ ሌባ ጣታቸው ግማሽ ናት። መላጊያውን ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ አንዴ ሲገፉት፣ የሚወጣው ልጣጭ ሳይበጠስ ክንድ ሙሉ ይረዝማል፤ ሴቶቹ እየተሻሙ ጸጉራቸው ላይ ይሰኩታል። እንጨት አሽትተው «ይሄ ዝግባ ነው፤ ያውም ተቸኩሎ የተቆረጠ» ይላሉ። አይጮኹም። ልጅ ሲሳሳት «እህ» ብቻ ይላሉ፤ «እህ» ካሉ ግን መሳሪያህን አስቀምጠህ እንደገና መለካት ነው።

ግድግዳው የሳቸው ሕግ ነው። ሥራ ያበላሸ ሰው አይሰደብም፣ አይቀጣም። የተበላሸውን በወፍራም እርሳስ ስሙን ጽፎበት፣ ራሱ በሚስማር ይሰቅለዋል፤ አለቀ። መጀመሪያ የተሰቀለው የራሳቸው ነው፤ በጉብዝናቸው ዘመን ቀዳዳውን ያለ ቦታው የቦረቦሩት ረጅም የዋንዛ አልጋ እግር። «ዋቅቶላ» ይላል በጎባጣ ፊደል። ከሱ ቀጥሎ የእትዬ ገበያነሽ ሁለት እጅጌ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱም የግራ። «ጨርቁን ሳላጥፍ ቸኩዬ ቆረጥኩት» ይላሉ እትዬ ገበያነሽ፤ «ሰውየውም ሁለት ግራ እጅ ስላልነበረው ጥሎልኝ ሄደ!» በዚያ እጅጌ ከዙሌካ በላይ የሳቀ የለም።

የከበበው ስም ግድግዳው ላይ አስራ አንድ ቦታ አለ። መርፌ ሲይዝ ያ ልጅ ሌላ ሰው ነው፤ የሚሰፋው ስፌት ጉንዳን ተሰልፎ የሚሄድ ይመስላል። መሮ ሲይዝ ግን አያድርስ ነው። የዙሌካ ስም አንድም ቦታ የለም። ጓድ ሮበሌ ደግሞ በአብዮት በዓል ዕለት ስሙ ግድግዳው ላይ ለሌለ ተማሪ ሽልማት አዘጋጅቷል፤ እጀታው ቀይ የሆነ፣ ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ መሮ። ጋሽ ዋቅቶላ ሲሰሙ «እህ» ብለው ነበር፤ ዙሌካ ግን አልሰማቻቸውም። ሽልማቱ የሷ ለመሆን አስር ቀን ብቻ ነው የቀረው። በሕልሟ ሁሉ ያንን ቀይ እጀታ ይዛ ታድራለች።

ሐሙስ ዕለት ያሳሳታትም ይኸው ነው። የጠረጴዛው ረጅም ጎን ሁለት አግዳሚ፣ አጭሩ ጎን አንድ አግዳሚ ስለሚይዝ፣ የግራውና የቀኙ እግር ቀዳዳ አንድ አይደለም። ጋሽ ዋቅቶላ «አራቱን እግር ፊት ለፊት አቁማችሁ፣ አስተያይታችሁ ካላመለከታችሁ መሮ አታንሱ» ብለው ነበር። ዙሌካ አላቆመችም። «እኔ አይምታታብኝም» አለች በሆዷ። ይኸው ተምታታባት፤ ሦስት ግራ፣ አንድ ቀኝ።

«ምንድን ነው ግርግሩ?» ጓድ ሮበሌ ዝናቡን ከኮቱ ላይ እያራገፈ ገባ። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ ጠረጴዛ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ጠረጴዛ ነው! እናቶች መሬት ተቀምጠው ነው የሚጽፉት! ይሄን ዋንዛ ለማስፈቀድ ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? ማነው?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አለ ከበበው።

«መሰለኝ? አስራ ሁለተኛህ ነው እኮ! የሕዝብ ንብረት መጫወቻ አይደለም። ነገ ጠዋት ከመዝገቡ ትሰረዛለህ። ቦታውን የሚፈልግ ስንት ልጅ አለ።»

«ከስፌቱም?» ሲል የከበበው ድምፅ ቀጠነች።

«መዝገቡ አንድ ነው።»

ጋሽ ዋቅቶላ የተበላሸውን እግር አንስተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ግማሿን ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው ጎንና ጎኑን ዳሰሱት።

«ቦታው ተሳስቷል» አሉ። «ቀዳዳው ግን እንዴት ያለ ቀዳዳ ነው! ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ። እንዲህ ያለ እጅ በአርባ ዓመት ሦስቴ አይቼ ይሆናል።»

ከበበው እስከ ጆሮው ፈገግ አለ። ሊሰረዝ መሆኑን ለአፍታ ረሳው። «እውነት ጋሼ? የኔ?» አለ፤ እርሳሱን አንስቶ ስሙን ጻፈበትና ሰቀለው።

ጋሽ ዋቅቶላ ዙሌካን አላዩዋትም። ባያዩዋትም ያወቁባት መሰላት። የከበበውን እጅ ከሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል? በክረምቱ ሁሉ እንዲህ የተመሰገነ ሥራ ቢኖር የሷ ቀዳዳ ነው፤ ያም የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት ተሰቅሏል።

አመሻሹ ላይ እናቷ ሐሚዳ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ይዛ ስትገባ፣ ገና ከበሩ ላይ ነው ወሬዋን የጀመረችው።

«ዙሊ! ዛሬ ጣቴን ቀለም አልነካውም!»

«እንዴት እማ?»

«ልጁ መዝገቡን ገልጦ 'እዚህ ላይ ጣትዎን' አይለኝም? 'የምን ጣት? እስክሪብቶውን ወዲህ በል!' አልኩት። ወላሂ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ 'ሐ' ትንሽ ተንጋደደችብኝ። 'ልጻፍልዎት እንዴ?' አለኝ። 'የራሴን ስም ለምን ትጽፍልኛለህ?' ብዬ እስክጨርስ አቆምኩት!» ሐሚዳ ከት ብላ ሳቀች። ጉልበቷ ላይ ደብተሯን ዘርግታ አሳየቻት፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች «ሐሚዳ፣ ሐሚዳ» ይላል፤ መስመሩ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። «ጉልበት ላይ ሲጻፍ እንዲህ ነው። ጠረጴዛችሁ ሲመጣ ይስተካከላል። ደረሰ?»

«አንድ እግር ቀረው» አለች ዙሌካ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ ደረሰች። የብስራተ ገብርኤል ቅዳሴ ገና መውጣቱ ነው፤ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ጭቃውን እየዘለሉ ያልፋሉ። ከበበው በሩ ላይ ተቀምጧል፤ እትዬ ገበያነሽ ያዋሱትን መቀስ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል።

«ልመልስላቸው ነው» አለ። «የምሰፋው ኮት አንድ እጅጌ ነበር የቀረው፣ ያስቆጫል። ግን ሰማሽ አይደል ጋሼ ያሉትን? በአርባ ዓመት ሦስቴ!»

«ሰምቻለሁ።»

አልፋው ገባች። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲገቡ፣ ጋሽ ዋቅቶላም ኮፍያቸውን ሲሰቅሉ፣ ጓድ ሮበሌም መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሲደርስ ዙሌካን ግድግዳው ሥር ቆማ አገኟት። የተበላሸውን እግር አውርዳዋለች። በብርጭቆ ወረቀት «ከበበው» የሚለውን ታሻለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጓድ ሮበሌ።

«የኔ ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ትናንትም አውቄ ነው ዝም ያልኩት። መሮውን ፈልጌ ነው።»

ጓድ ሮበሌ መዝገቡን እንደገለጠ ቀረ። «አንቺ? ስምሽ እኮ... ታዲያ ሽልማቱን ማን ሊወስድ ነው?»

«ግድግዳው ላይ ስሙ የሌለ እርስዎ ብቻ ነዎት!» አለች ንግስት የምትባል ተማሪ ከመጋረጃው ወዲያ።

እትዬ ገበያነሽ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አቃታቸው። ልጆቹ ተከተሉ። ጓድ ሮበሌ ሊቆጣ ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ ነበር፤ መጨረሻ ላይ እሱም ሳቀ። ማንንም ሳይሰርዝ ወፍራም መዝገቡን ዘግቶ፣ ከኮቱ ኪስ ባለ ቀይ እጀታውን መሮ አውጥቶ መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «እንግዲህ የክፍሉ ይሁን። እግሩስ? ትርፍ ዋንዛ የለም እኮ።»

ጋሽ ዋቅቶላ ወደ ግድግዳው ሄደው የራሳቸውን፣ ያንን የአልጋ እግር፣ ከሚስማሩ ነቀሉት። አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉና በሜትር ለኩት። የተበላሸው ጫፍ ተቆርጦ ቢጣል እንኳ ለአንድ የጠረጴዛ እግር ይተርፋል።

«ሰላሳ ስምንት ዓመት ደርቋል» አሉ። «ከዚህ የተሻለ እንጨት የት ይገኛል?» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሌካን አዩዋት። «በትልቁ ጻፊው፤ ከበሩ ላይ ሆኖ ለሚያየውም ይታይ።»

ዙሌካ እርሳሱን አነሳች። «ዙሌካ» ብላ ጻፈች፤ ቀስ ብላ፣ መስመሩ እንዳይወርድ። የዋቅቶላ ሚስማር ባዶውን ነበር። እዚያ ላይ ሰቀለችው።

ስትዞር ከበበው ከኋላዋ ቆሟል። መቀሱ አሁንም እጁ ላይ ነው።

«ደስ ብሎኛል፤ ግን ምስጋናዬንም ወሰድሽው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ለአንድ ሌሊት ጎበዝ ነበርኩ።»

ዙሌካ ባለ ቀይ እጀታውን መሮ አነሳች፤ ከወረቀቱ አወጣችው። እንዳሰበችው ነው፤ ከበድ ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ እጅ ላይ ልክክ የሚል። ትንሽ ይዛው ቆየችና እጀታውን ወደ ከበበው አዞረችው።

«አዲሱን እግር አንተ ቦርቡረው» አለችው። «እኔ እይዝልሃለሁ። መጀመሪያ ግን አራቱንም እናቁማቸው።»