አምስተኛው ፋውል

«የሚያስወጣው ስድስት ፋውል ነው! ገና አንድ ይቀረኛል!»

ሉሲ ሁለት እጆቿን የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ደግፋ ጮኸች። ላቧ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። የራሷ ትምህርት ቤት መዝጋቢ የሆነችው ቤቴል ቀና ብላ አላየቻትም። በሉሲ ስም ትይዩ አራት ምልክቶች ነበሩ፤ አምስተኛውን አሁን ጨመረች።

«ስንተኛዋ ነው?» አለ ዳኛው ጠጋ ብሎ።

«አምስተኛዋ።»

ዳኛው በእጁ ወደ ውጭ አመለከተ። በሲሚንቶው ሜዳ ዙሪያ የቆሙት የዲላ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ጮኹ። የዞኑ ትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ዲላዎች የይርጋጨፌን ልጆች በሦስት ነጥብ እየመሩ ሳለ ካፒቴናቸው ሉሲ ወጣች።

«የአሜሪካው ኤንቢኤ በስድስት ነው! ክፍል ለክፍል ስንጫወትም በስድስት ነበር!»

«እነሱ አርባ ስምንት ደቂቃ ነው የሚጫወቱት፤ እናንተ አርባ» አለ ዳኛው። «እዚህ በአምስት ነው። ውጪ!»

ሉሲ ወደ ቤቴል ጎንበስ አለች። «ምቀኛ! ደስ አለሽ?»

ቤቴል ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች። ምልክቱን በትክክል ነበር ያሰፈረችው። አንገቷን ያስደፋት ሌላ ነገር ነው።

ሐሙስ ዕለት አሰልጣኙ መምህር ኪዳነወልድ የውድድሩን ደንብ የያዘ ወረቀት ሰጥተዋት ነበር። «ለሉሲ አድርሺላት፤ ለልጆቹ ታንብብላቸው» ብለው። ቤቴል መንገድ ላይ አነበበችው። አምስት ፋውል ከሜዳ ያስወጣል የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ሉሲ ሰው ሳትገፋ የማትጫወት ልጅ ናት። ደግሞ ረቡዕ ዕለት ይህችው ሉሲ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ የነበረችው ሉሲ፣ በቡድኑ ሁሉ ፊት «አንቺ እኮ ኳስ ሲመጣ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ፤ ባክሽ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ቁጭ በይ» ብላ አስቃባታለች። ቤቴል ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ትቅመሰው፣ አለች በልቧ።

ጨዋታው በስድስት ነጥብ ሽንፈት አለቀ።

ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ውስጥ ማንም ቤቴል አጠገብ አልተቀመጠም። ተከላካይዋ ገበያነሽ የውሃ ፕላስቲኳን እግሯ ሥር ወረወረችው። «ከእኛ ጋር ባጃጅ ውስጥ እንዳትገቢ! ከይርጋጨፌዎቹ ጋር ሂጂ!»

«ዝም በሉ!» መምህር ኪዳነወልድ በሩ ላይ ቆመዋል። «እሷ የሆነውን ነው የጻፈችው። ሐቀኛ መዝጋቢ እንዲህ ነው የምትሰደበው?» ከዚያ ወደ ሉሲ ዞሩ። «አንቺ ግን ካፒቴን ሆነሽ ደንቡን ሳታውቂ ትገቢያለሽ? ወረቀቱን የላክሁልሽ ለምንድን ነው?»

«የምን ወረቀት?»

«ውሸት አልወድም ሉሲ።»

«ቲቸር፣ እናቴ ትሙት አላየሁም!»

«ሳታነብ ጥላው ይሆናል፤ በእሷ ምክንያት ነው የተሸነፍነው» አለች ገበያነሽ። ቅድም ቤቴል ላይ ያፈጠጡት ዓይኖች ሁሉ ወደ ሉሲ ዞሩ። አንዷም አላዘነችላትም።

«ለእሁዱ የደረጃ ጨዋታ ካፒቴን ገበያነሽ ናት» አሉ መምህሩ። ሉሲ ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳውን አየች።

መምህሩ ሊወጡ ሲሉ እግረ መንገዳቸውን «ሰጥተሻታል አይደል ቤቴል?» አሉ። መልሱን የጠበቁም አይመስሉም። ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃል።

«አልሰጠኋትም።»

መምህሩ ከበሩ ተመለሱ። «ረስተሽ ነው እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ መውጫ ሲያበጁላት።

አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቤቴል ሉሲን አየቻት። ሉሲ እንደ ቅድሙ በጥላቻ ታያታለች፤ ይህን ብትሰማ ደግሞ ይብስባታል።

«አልረሳሁም» አለች ቤቴል።