ለእሱ ብቻ የነገረችው

በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ «እርጋታ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ስሟ አይደለም፤ ደዋዩ እየጮኸ ሲያለቅስ እንኳ ድምጿ ስለማይሰበር ያወጡላት ነው።

ከማዕከሉ አምቡላንስ ሹፌሮች ከአንዱ ጋር የተዋወቁት ሊፍቱ ተበላሽቶ ሁለቱም ውስጡ በተዘጋባቸው ቀን ነበር። ሃያ ደቂቃ። በሩ ሲከፈት ሆዷን ይዛ እየሳቀች ወጣች። ዓመት ሳይሞላ ተጫጩ።

አንድ ቀን ታዲያ አንዲት እናት ስልኩን እንደያዘች ልጇ እቅፏ ውስጥ አለፈ። እርጋታ እስከ መጨረሻው መስመር ላይ አብራት ነበረች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አላት። ሐሙስ ሐሙስ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ጀመረች። ይህንንም ለእናቷ እንኳ ሳታነሳ ለእሱ ብቻ ነገረችው። እጇን ይዞ ዝም ብሎ ሰማት። ያን ዝምታውን ወደደችለት።

የፈረቃ ኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ተወዳደረች። ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ችሎታሽን ማንም አይክድም። ግን ሐሙስ ሐሙስ የምትሄጂበት ቦታ እንዳለ ሰምተናል። አንቺው ራስሽ ደጋፊ እየፈለግሽ ሌላውን እንዴት ትመሪያለሽ?»

ክው አለች። ቀኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አዎ፣ እሄዳለሁ» አለች እንደምንም ራሷን ይዛ። «ትናንት የሰማሁትን ይዤ መጥቼ ዛሬ ሰው ላይ የማልጮኸው ስለምሄድ ነው። እንደኔ ስልክ ሲሰሙ የሚውሉት ሌሎቹስ የት ነው የሚያራግፉት? እነሱን ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ሹፌሩን ግቢው ውስጥ መኪናውን ሲያጥብ አገኘችው። ገና ፊቷን ሲያይ ገባው።

«አንተ ነህ?»

«ለክፋት አይደለም፣ የኔ ቆንጆ! ሸክሙ እንዳይበዛብሽ ፈርቼ ነው። ትታመሚብኛለሽ ብዬ ሰብሳቢውን ለብቻቸው...»

«እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ።»

«እምቢ እንደምል እያወቅክ ነዋ!»

አንገቱን ደፋ። ጎማውን ያጠበበትን ጨርቅ ይጨምቅ ጀመር፤ ውሃው ሁሉ አልቆ እንኳ ይጨምቃል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሦስት ወር ሙከራ ተሾመች። ያን ዕለት ደጃፏ መጥቶ ቆመ።

«ይቅር አትይኝም?»

«ብዬሃለሁ» አለችው። እውነቷን ነበር። ቀለበቱን ከጣቷ አወለቀች። «ግን ከእንግዲህ የሆዴን ላወራህ ስል መጀመሪያ ልመዝነው ነው። ይሄን ለማን ይናገርብኝ ይሆን እያልኩ። ቀኑን ሙሉ ቃል ስመርጥ እውላለሁ፤ ቤቴ ገብቼም ቃል ልመርጥ አልችልም።»

አልለመናትም። ምነው በለመነኝ ብላ ነበር፤ ደግሞም እንኳን አልለመነኝ አለች።

አሁን በኃላፊነቱ አራት ዓመቷ ነው። እሱ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል። በቀደም አግብቶ ሴት ልጅ መውለዱን ሰማች። ደስ አላት። ቆየት ብሎ ደግሞ ሆድ ባሳት።