ሁለተኛው ዘንግ

ሟቹ የተገኘው በገዛ ግቢው፣ በገዛ የጭነት መኪናው ሥር ነው። የኋላው ጎማ ደረቱ ላይ ወጥቷል። የኋላ አክሰሉን ከሻሲው ጋር ጠፍረው የሚይዙት፣ መካኒኮች ቶርክ ሮድ የሚሏቸው ሁለት ወፋፍራም ዘንጎች ሁለቱም ወልቀው አጠገቡ ተጋድመዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቶ ተሸፍኗል። ሾፌሩ በካቴና ታስሮ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ሾፌሩ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ሚስትየው በሩ ላይ ቆማ አንዴ የተሸፈነውን፣ አንዴ የታሰረውን ታያለች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ይህን ግን ፈርታውም አታውቅም። በአንድ ጀንበር ባሏን ለመቃብር፣ ወንድሟን ለወህኒ ልትሰጥ ነው። የበሩን መቃን ይዛለች።

«ማነው ያሳሰረው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። ለመኪናው ጭነት የሚያፈላልግ ደላላ ነው፤ አንደበቱ ርቱዕ፣ እጁ ለስላሳ። ዛሬ ግን እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆታል። «ጠዋት ሁለተኛውን ዘንግ ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ። ለጋሼ ትንፍሽ ሳይል ጎማ ሊያስለጥፍ ሄደ። ጋሼ አንዱ ብቻ የወለቀ መስሎት ገባ፤ አክሰሉ ተንሸራቶ ጨፈለቀው።»

«ውሸት ነው!» ጮኸ ሾፌሩ። «አንዱንም አልነካሁም! እቴ፣ አንቺ እንኳ እመኚኝ!»

እህቱ መቃኑን አጥብቃ ያዘች። ትናንት ባሏና ወንድሟ በዚሁ ሥራ ተኳርፈዋል። ወንድሟ መኪናው ጋራዥ ይግባ ሲል፣ ባሏ «የራሴን መኪና ራሴ እሠራለሁ» ብሎ አሳፍሮታል። ወንድሟን ማመን ፈለገች፤ ማመንም ፈራች።

መርማሪዋ ጃኬቷን አውልቃ መኪናው ሥር ስትገባ ፖሊሱ ሳይቀር ትንፋሹን ዋጠ። ሰው የበላ መኪና ነው። ዘንጎቹን እያገላበጠች አየች። የአንደኛው ቡሎኖች ዘይት ጠጥተው፣ ጥርሳቸው ሳይነካ ቆርቆሮ ውስጥ ተሰድረዋል። የሁለተኛው ግን ራሳቸው በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጧል። ከመኪናው ሥር ስትወጣ ጉልበቷ በሙሉ ግራሶ ሆኗል።

ከጎረቤት ጋራዥ የመጣው መካኒክ ላቡን ይጠርጋል። ሥራውን ስለተከለከለ አኩርፎ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም እንደሚያውቁ ያውቃል።

«ሁለቱን ዘንግ ባንድ ላይ ትፈታለህ?» አለችው መርማሪዋ።

«ነፍሴን ጠልቼ? አንዱ ሳይታሰር ሌላው አይነካም። ሟቹም ቢሆን በእልህ እንጂ በሥራ አይታማም ነበር።»

«ቡሎን አልወጣ ሲልህስ?»

«ጭነት ይዞታላ! ጎማውን የያዘውን ታኮ አነሣና አንድ ሰው ሞተር አስነሥቶ መኪናውን በጣት ያህል ያንቀሳቅስልኛል። ያኔ በእጅ ይወጣል። እኔ ታዲያ ከሥሩ ወጥቼ ነው፤ ሟቹ ግን ቡሎኑን እንደያዘ እዚያው ይተኛል። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!»

መርማሪዋ ጋቢና ላይ ወጥታ ቁልፉን በግማሽ አዞረች። የፍሬን አየር መለኪያው ቀስት ሽቅብ ወጣ።

«ሞተሩ መቼ ነው የተነሣው?»

«ከትናንት ወዲህ አልተነሣም» አለ ታናሽ ወንድምየው ፈጥኖ።

«ታዲያ አየሩ ከየት መጣ?» አለ ሾፌሩ። «ይኼ መኪና አየር አያሳድርም። ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ነው የሚሞላው።»

መርማሪዋ ወደ ሚስትየው ሄደች። «እህቴ፣ ምን ሰማሽ?»

«ጩኸት» አለች በሹክሹክታ። «ሞተር እንደሆነ ከጋራዡ ሲጮህ ስለሚውል አልለየውም። ደንግጬ ልወጣ ስል መዶሻ ሰማሁ። የባሌንም ድምፅ ሰማሁ። ቡሎኑን የሚሳደብ መሰለኝ። እሰይ፣ ደህና ነው ብዬ እጥበቴን ቀጠልኩ።»

መርማሪዋ ወደ ጎማ ለጣፊው ስልክ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም መኪናው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ማንም ማንን ቀና ብሎ አያይም።

«ሁለተኛው ዘንግ ጠዋት ወልቆ ቢሆን ደሙ በላዩ ይፈስ ነበር» አለች። «ላዩ ንጹሕ ነው፤ የተጋደመው በፈሰሰ ደም ላይ ነው። ስለዚህ የወለቀው ሰውየው ከተጨፈለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሾፌሩ ጎማ ቤት ነበር፤ ለጣፊው ካጠገቤ አልተለየም ብሏል።»

ሚስትየው ወደ ወንድሟ ዞረች።

«መካኒኩ ደግሞ ቢሆን ቡሎኑን እንዲህ አይቀጠቅጠውም። ይኼ ሙያውን የማያውቅ፣ የቸኮለ እጅ ነው። አየሩ ሙሉ ነው፤ ሞተሩ ዛሬ ተነሥቷል። ሟቹ እንደ ልማዱ ከሥሩ እንደተኛ፣ ከጋቢና የሚያንቀሳቅስለት ሰው ጠርቷል። ሾፌሩ የለም፤ ከመካኒኩ ተኳርፏል። ግቢው ውስጥ የቀረው ወንድ አንድ ነው። ያላየውንም አየሁ ያለው እሱው ነው።»

የታናሽ ወንድምየው ፊት አመድ መሰለ። እጁን ከብብቱ ሲያወጣ መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

«ወደፊት ነበር ያለኝ» አለ። «ማርሹ ወደኋላ ገባብኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ገዳይ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለቱም ዘንግ ከወለቀ፣ በሥራው ሞተ ይባላል ብዬ... ሞቷል ብዬ ነው እኮ!»

«አልሞተም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሬሳውን ያየው ሐኪም፣ ከተጨፈለቀ በኋላ ብዙ በሕይወት ቆይቷል ብሏል። መኪናውን የሚያነሣው ክሪክ አጠገብህ ነበር፤ አንተ ግን መዶሻውን አነሣህ።»

ሚስትየው መቃኑን ለቅቃ መጣች። ታናሽ ወንድምየው ፊት ቆመች።

«ድምፁን ሰምቻለሁ» አለችው። «ምን ነበር የሚልህ?»

«እትዬ፣ ተዪኝ...»

«ምን ነበር የሚልህ?»

«‹አይዞህ፣ አትደንግጥ› ይለኝ ነበር» አለ። «‹አይዞህ ወንድሜ፣ እሷን ብቻ ጥራልኝ።›»

ፖሊሱ የሾፌሩን ካቴና ፈታ። ሾፌሩ እየሮጠ መጥቶ እህቱን አቀፋት። እሷ ግን መምጣቱንም አላወቀች፤ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና መሬት ላይ ተቀመጠች።